ጾመ ነቢያት፦ በመከራ ዘመን ተስፋ እንዴት ይደረጋል?

በታኅሣሥ አጋማሽ ሐዋሳ የገባ እንግዳ አልጋ ፍለጋ መከራውን ያያል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶ ተነሥተው የመጡ ምእመናን ከተማዋን ይሞሏታል፤ ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ነውና። ከፍቅር ሐይቅ ወደ መሀል ከተማ የሚያመጣውን ሰፊ ጎዳና ይዘው ሲሄዱ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያው በነጭ ነጠላ ተከቦ ያገኙታል። ለነገሩ አዲስ ከሆኑ ግን አንድ ነገር ግር ይልዎታል። እንዲህ ባለ ታላቅ በዓል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዎቹ የሚበሉት ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ተልባ ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። በዓሉ የዋለው በጾም ውስጥ ነው።

ያ ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል፤ ሕዝቡ የገና ጾም ይለዋል። ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በጌታ ልደት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ይፈታል። የካቶሊክና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት አድቬንት የሚሉት፣ ከልደት በፊት ያለው የመጠባበቂያ ወቅት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ መልኩ ይህ ነው። ጾሙ እንዴት እንደተዋቀረና ለምን እንደዚያ እንደተዋቀረ ደረጃ በደረጃ ላሳይዎት እፈልጋለሁ። ባለፉት ዓመታት አገራችን ካየችው ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት በኋላ ብዙ ሰው «ተስፋ አድርጉ» የሚለውን ምክር መስማት ሰልችቶታል፤ አይፈረድበትም። ይህ ወቅት ግን ምክር ከመስጠቱ በፊት ሥራ ያሠራል። የሚያሠራውን ሥራ ያስጀመሩትም አገራቸው ስትፈርስ ያዩ ሰዎች ናቸው።

ከቁጥሩ እንነሣ። ከኅዳር 15 እስከ ኅዳር 30 ያለው 16 ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ 1 እስከ 28 ያለው 28 ቀን፤ ድምሩ 44 ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን ሲተነትኑ 40ው የነቢያት ጾም፣ 3ቱ የአብርሃም ሶርያዊ ጾም፣ የቀረችው 1 ቀን ደግሞ ጋድ ናት ይላሉ። ጋድ የሚባለው ከልደትና ከጥምቀት በፊት ያለው የዋዜማ ጾም ነው። በየአራት ዓመቱ አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን በዋዜማው 6 ቀን ስለምትሆን ነው። ያኔ ጾሙም አንድ ቀን ቀድሞ ኅዳር 14 ይገባል። የቀኑ ብዛት አይጓደልም።

40ው ቀን ሙሴን ይከተላል። ሙሴ በሲና ተራራ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ሕጉን ተቀበለ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ነቢያት ደግሞ የሚመጣውን አዳኝ እየናፈቁ ጾሙ፣ ጸለዩ፣ አብዛኞቹም ሳያዩት ሞቱ። የጾሙ ስም ከእነርሱ የመጣው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ክርስቶስ ተወልዶ ካበቃ፣ እንዳልተወለደ ሆኖ መጠበቅ ምን ማለት ነው? ቤተ ክርስቲያን መልሷ ሁለት ወገን አለው። አንደኛ፣ የተቀበሉትን ስጦታ ክብደት የሚያውቀው ስጦታው ያልነበረበትን ዘመን በሰውነቱ የቀመሰ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጌታ ዳግመኛ ይመጣል የሚለው ተስፋ ገና ይጠበቃል፤ ዓለሙም ገና ያለቅሳል። ስለዚህ ጾመኛው ከነቢያቱ ጋር የሚሰለፈው ለትዝታ ያህል ብቻ አይደለም። እርሱም ራሱ የሚጠብቀው ነገር አለው።

ሦስቱ ቀናት ታሪካቸው ሌላ ነው፤ ለያዝነው ጉዳይም በጣም ይቀርባል። አብርሃም ሶርያዊ በ10ኛው መቶ ዓመት፣ ከ975 እስከ 978 (እ.ኤ.አ)፣ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበሩ። ግብፅን ያኔ የሚገዙት ፋጢማውያን ነበሩ። ትውፊቱ እንደሚለው ገዢው አል ሙዒዝ ፓትርያርኩን አስጠርቶ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታፈልሳለች ከተባለ የሙቀጠምን ተራራ አፍልሳችሁ አሳዩኝ፤ ካልሆነ ሕዝባችሁ አለቀ አላቸው። ፓትርያርኩ የሦስት ቀን ቀጠሮ ጠየቁ። ሕዝቡ ሦስቱን ቀን በጾምና በልቅሶ አሳለፈ። መውጫውን ያሳያቸው ግን ከሊቃነ ጳጳሳት ወይም ከመኳንንት አንዱ ሳይሆን ቆዳ እያለፋ፣ ጫማ እየሰፋ፣ ለድኾች ውኃ እየቀዳ የሚኖር ስምዖን የሚባል ሰው ነበር። ተራራው ከፍ ዝቅ አለ፤ ሕዝቡም ተረፈ ይላል ታሪኩ። ልብ ይበሉ፦ እነዚህ ሦስት ቀናት አንድ ማኅበረሰብ ሊጠፋ ሲል የጾማቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የጭንቅ ቀኖቹን ከልደት ጾም ጋር አያይዞ ለዘወትር አኖራቸው። የገናን ጾም የሚጾም ኢትዮጵያዊ በየዓመቱ የሌላ ሕዝብን የጭንቅ ቀን አብሮ ይጾማል ማለት ነው።

ከጾሙ ማለቂያ በፊት የሚመጡት ሦስት እሑዶች ደግሞ የራሳቸው ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው የሚውለው ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ባለው የሚውለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ባለው የሚውለው ኖላዊ ይባላል። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ የታሰበበት ነው። በስብከት ነቢያቱ ይመጣል ብለው የተናገሩት ይነበባል፤ ቃል አለ ማለት ነው፣ ሌላ ግን ገና ምንም የለም። በብርሃን በጨለማ ያለ ሕዝብ ብርሃን እንዲላክለት ይለምናል። በኖላዊ የተበተነ መንጋ እረኛውን ይጠራል። በሦስቱም ውስጥ ጉድለቱ በስሙ ይጠራል፦ አለማወቅ፣ ጨለማ፣ መበተን። ወቅቱ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ አይጀምርም።

የነቢያቱን ቃል ከተነገረበት ቦታ ነጥለን ስንሰማው ጣፋጭ የበዓል ቃል ይመስለናል። ወደ ቦታው እንመልሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ735 ገደማ የሶርያው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው በኢየሩሳሌም ላይ ዘመቱ። የይሁዳው ንጉሥ አካዝና ሕዝቡ፣ መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ነፋስ እንደሚያናውጠው የዱር ዛፍ ተናወጡ። ኢሳይያስ ንጉሡን ያገኘው በዙፋኑ ላይ አልነበረም። በላይኛው ኩሬ የውኃ መስኖ አጠገብ፣ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ ላይ ነበር። ንጉሡ እዚያ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም፤ ከተማ ሊከበብ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ውኃው ነው። ድንግል ትፀንሳለች፣ ስሙንም አማኑኤል ትለዋለች የሚለው ምልክት የተነገረው እንግዲህ ለጭንቀታም ንጉሥ፣ ከውኃ ቦይ ጋር በተያያዘ ቀጠሮ፣ የጠላት ጦር እየገሠገሠ ሳለ ነው። አካዝ ምልክቱን አልተቀበለም፤ ወደ አሦር ንጉሥ መልእክተኛ ልኮ በብርና በወርቅ ረዳት ገዛ። ረዳቱ መጣ፤ ጠላቶቹንም መታለት። ይሁዳ ግን ከዚያ በኋላ ገባር ሆነች።

ከዚህ ተነሥተን ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን እንለይ። ነገሮች እየተሻሻሉ ነው፣ ስለዚህ ነገ ይሻላል ማለት ግምት ነው። ግምት መጥፎ አይደለም፤ ነጋዴም ገበሬም ያለ እርሱ አይኖርም። ምልክቶቹ ሲከፉ ግን ግምቱም ይከፋል፤ መክፋትም አለበት። የነቢያቱ ተስፋ የሚደገፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ያውቀዋል፦ ገና ዕጣው ያልደረሰው አባል ልቡ የሚያርፈው ቀድሞ የወሰደው ሰው ኪስ ዛሬ ስለሞላ አይደለም፤ ዋስ ስለጠራ ነው። ነቢዩም የተስፋውን መያዣ የሚያየው በዋሱ ዘንድ ነው። ኢሳይያስ የዘመኑን ፖለቲካ ከአካዝ ባልተናነሰ አይቷል፤ መጥፎነቱንም አልሸሸገም። ሳይሸሽግ ተስፋ ማድረግ የቻለው ቃል የገባው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው።

ይህ መጠበቅ ምን ያህል እንደረዘመ አባቶቻችን በቁጥር ያስታውሱናል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ከአዳም እስከ ልደት ያለው 5500 ዓመት ነው፤ ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ ተብሎ የተሰጠው ቃል አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ ማለት ነው። በየደብዳቤው ራስጌ ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ ዓመተ ምሕረት እያልን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመተ ፍዳ ይባላል። እንግዲህ የእኛ ቀን አቆጣጠር ራሱ ረጅም መከራ ማብቂያ እንዳለው እያስታወሰ ይቆጥራል።

ተስፋ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያሳየኝ ግን ኤርምያስ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ገደማ ነው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበዋታል። ኤርምያስ ከተማይቱ ትያዛለች ብሎ በመናገሩ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል ወደዚያ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ ይለዋል። ዓናቶት በዚያ ሰዓት የጠላት ጦር የሰፈረበት አገር ነው፤ ዋጋ የለውም። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ገዛው። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ፤ ጸሐፊው ባሮክም ሰነዱን ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ። አንድ ቀን በዚህ ምድር ቤትና እርሻ ይገዛል የሚለውን ቃል በራሱ ገንዘብ ፈረመበት። ያው ኤርምያስ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ጭቃ ሊውጠው ሲል በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካሉት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ ታሪኩን ያስቀጥላል፦ አቤሜሌክ በለስ ይዞ ጥላ ሥር ጋደም ሲል 66 ዓመት ተኛ፤ ከተማዋ ፈርሳ፣ ሕዝቡ ተማርኮ ኖሮ፣ ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነበር፤ ወተቱም ይንጠባጠብ ነበር።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 19 መመለስ እንችላለን። በዕለቱ የሚታሰበው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ ከእሳት ያወጣበት ተአምር ነው። እነዚህ ሦስት ወጣቶች የዚያችው የፈረሰች አገር ልጆች ናቸው፤ ተማርከው ባቢሎን ተወስደዋል፤ ስማቸው ሳይቀር ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተብሎ ተለውጧል። ናቡከደነፆር ላሠራው የወርቅ ምስል አንሰግድም አሉ። እቶኑ ከልማዱ ሰባት እጥፍ እንዲነድ ተደረገ። ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ በሁለት ክፍል ነው። አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል አሉ። ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ብለው ጨመሩ። ወደ እሳቱ ሲጣሉ አራተኛ ሰው አብሯቸው ሲመላለስ ታየ፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቅዱስ ገብርኤል ብላ ታስበዋለች።

ይህ በዓል የሚውለው ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 በሚቆየው በብርሃን ሳምንት ውስጥ ነው፤ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከዚያ አይወጣም። ብርሃን እንዲላክ በሚለመንበት ሳምንት የምናነበው እሳት ውስጥ ስለገቡ ልጆች ነው። እኔ የወቅቱን ልብ የማገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይም «ባያድነን እንኳ» በሚለው ሐሳብ ውስጥ። ወደ ሐዋሳ ገብርኤል፣ በዚያው ዕለትም ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው ስዕለት ይዞ ነው፤ ልጅ ወልዶ፣ ከሕመም ድኖ፣ ጉዳዩ ተሳክቶ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ ወይም ጧፍ ይዞ ቃሉን ሊፈጽም ይመጣል። ምስጋና ነውና መልካም ነው። ነገር ግን ስዕለቱ ያልሰመረለትም ሰው በዚያው ግቢ ቆሟል። ልጁን በጦርነት ያጣ አባት፣ ለሦስተኛ ዓመት የለመነችው ያልተሰጣት ሴት አሉ። የዕለቱ ታሪክ ከሁሉ በፊት የሚናገረው ለእነርሱ ይመስለኛል፤ ወጣቶቹ መዳናቸውን ሳያውቁ ነበር የመለሱት።

ይህን ሁሉ ይዘን የቅርቡን ዘመን እንይ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት የተነሣው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ነው። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ሁለቱም ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የሆኑ ናቸው። ስለዚህ የ2013 እና የ2014 ጾም ሙሉ በሙሉ በጦርነት ውስጥ አለፈ፤ የ2015ቱ መሣሪያው ዝም ካለ በኋላ፣ ሐዘኑ ገና ሳይወጣ ተጾመ። በእነዚያ ዓመታት በመቀሌ፣ በጎንደር፣ በደሴና በሐዋሳ ያለ ምእመን ኅዳር 15 ቀን እኩል ጾም ገባ። አንዱ የሌላውን ጥይት እየፈራ፣ ሁለቱም ያንኑ የብርሃን እሑድ ጠበቁ፤ ያንኑ እረኛ ጠሩ። ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ደግሞም አጥብቄ እይዘዋለሁ። ከሁሉ ነገር በኋላ ያልተከፋፈለ አንድ ነገር ነበረና።

ከዚያም በፊት እንዲሁ ነበር። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሙዚቀኞች ለኢትዮጵያ ርዳታ የሚሆነውን የገና ዘፈን ለንደን ውስጥ የቀረጹት ኖቬምበር 25 ቀን 1984 (እ.ኤ.አ) ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1977 ይሆናል፤ የጾመ ነቢያት ሁለተኛ ቀን። ዓለም ለገና ሲያስብልን፣ ከሚራበው ሕዝብ ብዙው ልደትን ለመቀበል ጾም ገብቶ ነበር።

የሐዋሳም ድርሻ አለ። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራ ሰጥቶ ነበር። ልብሱ በብዛት ይሸጥ የነበረው አጎዋ በሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካ በጦርነቱ ሳቢያ ኢትዮጵያን ከዕድሉ እንደምታስወጣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 አስታወቀች፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። የአሜሪካ ውሳኔ የጸናው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው። ያ ቀን በኖላዊ ሳምንት ውስጥ ይውላል። በዚያ ሳምንት የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፈል እያሰላሰለች ቤተ ክርስቲያን የቆመች የፋብሪካ ሠራተኛ የተበተነው መንጋ ማን እንደሆነ ማንም ሊተረጉምላት አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የጾም ማዕድ በዘይት፣ በምስርና በሽሮ የሚቆም ነውና የጾሙ ወጥ ድስት ራሱ ይህን ያውቀዋል።

ታዲያ ጾመኛው ምን ያደርጋል? በሥራ ቀናት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል፤ ቅዳሴውም ወደ ቀትር ይገፋል። ቅዳሜና እሑድ ከእህል መከልከል የለም፤ የእንስሳት ተዋጽኦ ግን አይበላም። የታመመ፣ የሚያጠቡና ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከባድ ፈረቃ ያለባቸውም የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው በአቅማቸው ይወስናሉ። (ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ ናትና በአሞራ ገደል የሚሸጠው ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ልማዱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እሱንም ለንስሐ አባት መተው ይሻላል።)

አገር ሲጨነቅ ደግሞ ምሕላ ይታወጃል። ምሕላ ማለት ስለ አንድ ጉዳይ በኅብረት የሚደረግ የልመና ጸሎት ነው። ቀርበው ያዩት፦ ካህኑ ይጀምራል፣ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ ይቀበላል፤ አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን ማለት ነው። 41 ጊዜ ይባላል። አሮጊቷ መቁጠሪያዋን በአውራ ጣቷ እያንሸራተተች ፍሬ በፍሬ ታሳልፋለች፤ ስግደት በሚፈቀድበት ቀን ግንባሯ መሬት ነክቶ ይነሣል። ከአሥረኛው በኋላ ድምፁ ይደክማል፤ ከሃያኛው በኋላ የሰው ሐሳብ ይሸሻል፤ ከሠላሳኛው በኋላ ጉልበት ይናገራል። አደራረጉ የታሰበበት ነው፤ አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚለቅ ሰው ሐዘኑን እንደ ዜና ያወራዋል፣ 41 ጊዜ ያለው ሰው ግን ይሸከመዋል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙ ሰው ለተጎዳ ወዳጁ «ለበጎ ነው» ለማለት ይቸኩላል። እባክዎ አይቸኩሉ። ወቅቱ ራሱ ይህን ቃል አያስቀድምም፤ መጀመሪያ ማረን ያስብላል።

ቀጥሎ ያለው የሚሰጠው ነገር ነው። ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የግፍ እስራት መፍታትና እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ብሎ ጽፏል፤ በጾም ቀን ሠራተኛቸውን የሚያስጨንቁትንም ወቅሷል። ስለዚህ የተተወው ምሳ ሒሳብ አለው። ያልተበላው ዋጋ ወደ አንድ ሰው ካልሄደ የምግብ ሰዓት ተለወጠ እንጂ ጾሙ ግማሽ ነው። የሚበላው ያጣ ሰው ምን ይጾማል የሚል ካለም መልሱ እዚሁ ነው፦ እርሱ በዚህ ጾም ውስጥ ያለው በተቀባይነት ነው፤ መቀበልም ከጾሙ ክፍል ነው።

በሐዋሳ ይህን ወቅት የሚጠብቁት ኦርቶዶክሳውያን ብቻ አይደሉም። በ1951 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የታቦር ሴሚናሪዋን ያቆመችው በዚህች ከተማ ነው፤ የካቶሊክም ሐዋርያዊ ቪካሪያት አለ። በምዕራቡ ሥርዓት አድቬንት ከልደት በፊት ያሉ አራት እሑዶች ናቸው፤ በየእሑዱ አንድ ሻማ ይለኮሳል። የሻማውን አክሊል የጀመረው ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ የሉተራን ሰባኪ ነው፤ በ1839 (እ.ኤ.አ) በሃምቡርግ ለድኻ ልጆች ባቋቋመው ቤት ውስጥ፣ ልደት መቼ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት ቀኑን በሻማ እንዲቆጥሩ አደረገ። ያም መጠበቅ ከድኾች ቤት የወጣ ነው።

ጾሙ የሚያልቀው በጋድ ነው። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ስለማይጾም፣ ጋድ በዋዜማው የዚያን ካሳ ይከፍላል። ሌሊቱን ቅዳሴ ተቆሞ፣ ከቁርባን በኋላ ጾሙ ይፈታል። በሰፈር ግን ሥራው ቀደም ብሎ ይጀመራል፦ ቅርጫ የሚገባ ሰው ገንዘቡን የሚያዋጣው በጾሙ የመጨረሻ ሳምንት ነው። መዋጮ ላልቻለ ጎረቤት አንድ መደብ ይተርፍ ዘንድ ለቅርጫው አስተባባሪ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፤ በሬው ሳይገዛ።